በእጄ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

የጠበቆች ማህበራችን ኮሚቴ ሽማግሌውን የጠራቸው ረፋድ ላይ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውን የምይዘውም እኔ ነኝ። የድሬ ሙቀት ገና ከጠዋቱ ወረቀቱን ከክንድ ጋር ያጣብቃል፤ የዚያን ቀን ላቤ ግን የሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ሽማግሌው ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። በወጣትነታቸው ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ። አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ ሶማሊኛውንም እኩል ያውቁታል። ከገጠሩ፣ ከዋሂልና ከጀልዴሳ፣ የሚመጣ ሰው ጠበቃ ቢሮ ከመግባቱ በፊት እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል፤ ስለሚያዳምጡት ነው። የቀረበባቸው አቤቱታ ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ ይሠራሉ የሚል ነበር። ኮሚቴው ካመነበት ለዐቃቤ ሕግ ይጽፋል፤ ጠረጴዛው ይነሳል፣ ምናልባትም ይከሰሳሉ።

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ እኔን ሰው ያደረገኝ ያ ጠረጴዛ ነው። ፈቃዴን ባወጣሁ ሰሞን ቢሮዬ ዝንብ እንጂ ሰው አይገባበትም ነበር። ሽማግሌው ባለጉዳይ ይልኩልኝ ጀመር። ቆየት ብሎ ባለጉዳዩ ቀርቶ ወረቀቱ ብቻ ይመጣ ያዘ፤ ክሱም፣ መልሱም፣ ይግባኙም በዚያ በማያምታታ የእጅ ጽሕፈታቸው ተጽፎ። እኔ አስተይቤ እፈርማለሁ፣ ማህተሜን እመታለሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት የዋሂል ሴት ልጆቿን ከባሏ ወንድም ያስመለሰችው እኔ በፈረምኩት ክስ ነው። ሴትየዋን እስከ ችሎቱ ቀን ድረስ በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ሶማሊኛም አልችልም። ስታመሰግነኝ ግን ምስጋናውን ተቀብያለሁ።

በእኛ ደንብ ስምን ፈቃድ ለሌለው ሰው ማዋስ ፈቃድ ያስነጥቃል። በጠበቃ ሥር ሆኖ በረዳትነት መሥራት ደግሞ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ተነስቶ «ረዳቴ ነበሩ፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው» ቢል ሽማግሌው ይተርፉ ነበር። ያ ጠበቃ እኔ ነኝ። ባለጉዳዮቹን ሳላይ መፈረሜ ሲወጣ ግን ጥያቄው ወደ እኔ እንደሚዞር አውቅ ነበር።

ሽማግሌው የነተበ ግን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፌስታል ይዘው ገቡ። በፌስታሉ ውስጥ ያለውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። አንድም ረቂቅ አይጥሉም። ከረቂቆቹ መሃል በጠርዛቸው ላይ የኔ የቀይ እስክሪብቶ እርማት ያለባቸው አሉ።

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እኛ እርስዎን መጉዳት አንፈልግም» አላቸው። «የጻፉለት ጠበቃ ካለ ይንገሩን። በረዳትነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዩም። «እስቲ ተወኝ አቦ! እኔን ረዳት የሚያደርግ ጠበቃ በድሬ አለ?» አሉ። ኮሚቴው ሳቀ። «ማንም የለም። ብቻዬን ነው የጻፍኩት።» ይህን ብለው ፌስታሉን በእግራቸው ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረጉት።

መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፍቼም ነበር፤ ግን የቢሮዬ ኪራይ፣ የእናቴ ኩራት፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ፈቃድ አንድ ላይ ታዩኝ። አፌን ዘጋሁ። ውሸቱንም በእጄ መጻፍ አቃተኝና «ተጠይቀው በቂ መልስ አልሰጡም» ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ ቃል ፈልጌ አላጣም፤ ሙያዬ ነው።

መጨረሻ ላይ እንዲፈርሙ ቃለ ጉባኤውን ሰጠኋቸው። ሳታነቢ አትፈርሚ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በጣታቸው መስመር መስመሩን እየተከተሉ አነበቡት። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺን አስተካክያት የኔ ልጅ» አሉኝ። «መልስማ ሰጥቻለሁ። ማንም የለም ነው ያልኩት። እንዳልኩት ጻፊው።»

«ልክ ናቸው» አለ ሰብሳቢው።

ሰረዝኩት። «ማንም የለም፣ ብቻዬን ነው የጻፍኩት ብለዋል» ብዬ በላዩ ጻፍኩ፤ በስርዙም ላይ ፈረምኩ። እሳቸውም ፈረሙ። እስክሪብቶዬን ሲመልሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አብሽሪ» አሉኝ። እኔ እሳቸውን ማጽናናት ሲገባኝ።

ዕድሜያቸው ታይቶ ከመከሰስ ተረፉ፤ ጠረጴዛው ግን ተነሳ። አሁን በእሳቸው ቦታ ባጃጆች ጥላ ፍለጋ ይቆማሉ።

በቅርቡ ያቺ የዋሂል ሴት ጎረቤቷን አስከትላ ቢሮዬ መጣች። ሽማግሌውን ኒሙ ሥር አጥታቸው ነው። ከፊቴ ተቀምጣ በሶማሊኛ ብዙ ተናገረች፤ መሃል ላይ አለቀሰች። ስትጨርስ ጎረቤቷ «ስለ መሬት ነው» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ ተናግራ ስለ መሬት ነው ብቻ?»

«ሌላውን በአማርኛ እንዴት እንደምለው አላውቅም» አለችኝ።

ፊቴ ያለው ወረቀት ላይ ቀኑን ብቻ ጽፌ አቆምኩ። ሴትየዋ ግን በሙሉ እምነት ታየኛለች፤ ልጆቿን ያስመለስኩላት እኔ ነኛ። የሽማግሌው ቤት ከቢሮዬ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። ተነስቼ ይዣት ልሄድ ይገባኝ ነበር። ሰኞ ተመለሺ አልኳት።