አክስቴ ሳትተረጉም የቀረችው

እንደ ቱርክ ድራማ የሚያሰለቸኝ ነገር የለም። ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ለመተያየት ብቻ ስንት ደቂቃ ይፈጃሉ! ሶዶ እናቴ ቤት ስሆን ግን አያለሁ፤ ለአክስቴ ስል።

አክስቴ ቸርች ውስጥ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ አጠገቡ ቆማ አማርኛውን ወደ ወላይትኛ የምትመልስ ሴት ናት። ቤትም በአማርኛ የሚሰማው ድራማ ሲጀመር አትቀመጥም። ነጠላዋን አስተካክላ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ትቆማለች። አማርኛ የማይገባቸው እናቴና ጎረቤቶቻችን በቆሎ እየፈለፈሉ ያዳምጧታል። ተዋናዩ ከቸኮለባት «ቀስ በል እንጂ!» ትለዋለች።

ባለፈው ክረምት በድራማው ውስጥ ያለው ልጅ እናቱን «አንቺን ብሎ እናት!» አላት። አክስቴ ነጠላዋን እንደገና አስተካከለች። እናቴ «ምን አላት?» ብትላት፣ «ደክሞታል» ብላ አለፈችው።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ማሳለፍ አልችልም። «አክስቴ፣ ዘለልሽው እኮ!» አልኳት በአማርኛ።

«አልዘለልኩም» አለችኝ። «ይቅርታ ሲጠይቃት ሁለቱንም አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ።»

ድራማው አለቀ። ልጁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ አክስቴም አልተናገረችም።

ያኔ ነው የራሴ ትዝ ያለኝ። ኮሌጅ እያለሁ በንዴት እናቴን ክፉ ቃል ተናግሬያት ነበር፤ እንዳይገባት ብዬ በአማርኛ። እሷም አጠገባችን የነበረችውን አክስቴን «ምን አለኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ደክሞታል» አለቻት አክስቴ።

እስከ ዛሬ እየጠበቀችኝ ነው።