በቀይ ቀለም ያልተሞላው ቦታ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ዘንድ መጣችና ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ብላ ዌልስ የሚባል አገር የድሮ የእጅ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ስታገላብጥ ሰንብታለች። ገጹ ቡናማ ነው፤ ጽሑፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ መካከሉ ላይ ግን ጣት የምታህል ቦታ ባዶዋን ቀርታለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ስለኖርሁ እንዳነብላት ፈልጋ ነበር። ይህ የዌልስ ቋንቋ እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም፣ አንድ ቃል አልችልም አልኋት። አለማወቄ ለራሴም ገረመኝ፤ በወጣትነቴ አንድ ሰሞን የዌልስ ሰው አስተርጓሚ ነበርሁና።

ያኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርሁ። ለዓመታት የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ አገር ገና ትንፋሹን የሚሰበስብበት ጊዜ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከናዝሬት ወደ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ስለነበር እኛ ቤት የሐይቁን ዓሣ እንጂ የሐይቁን ገዳማት የሚያውቅ አልነበረም። ግዌን የምትባል የዌልስ ተመራማሪ አስተርጓሚ ትፈልጋለች ሲባል መምህሬ እኔን ላኩኝ። ሃምሳን ያለፈች፣ ፀሐይ ቢወጣም የዝናብ ልብሷን የማታወልቅ ሴት ነበረች። በስሜ ብቻ ጥሪኝ ስላለችኝ ግዌን እላት ነበር፤ አባቴ ይህን ሲሰማ ያሳደግሁሽ እንዲህ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ።

ወሩ ጥቅምት ነው። ሐይቁ ከክረምቱ ደለል ገና አልጠራም፤ ዳር ዳሩን ደንገሉ እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ገዳማቱ ወዳሉበት ወደ ዘጌ በምንሄድበት ጀልባ ላይ ግዌን ሥራዋን ታስረዳኝ ነበር፤ ሞተሩ ስለሚጮኽ ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ገምቼ ሞላሁ። በሷ አገር የማተሚያ መሣሪያ ከመጣ በኋላ እንኳ ሰዎች ለብዙ ዘመን በእጃቸው ይገለብጡ ነበር አለችኝ። የድሮውን ግጥም፣ የዘር ሐረጉን፣ የጥንቱን ሕግ በቋንቋቸው የሚያትምላቸው አልነበረም። ስለዚህ ባላባቱም፣ ቄሱም፣ ገበሬውም ከጎረቤት መጽሐፍ ተውሶ ይገለብጣል። የሚገለብጠው ነገር ጨርሶ የማይገባውም ነበር። አይጥ ወይም ብል የበላው ቦታ ሲያጋጥም አንዳንዱ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል፤ አንዳንዱ ባዶ ትቶት ያልፋል። ግዌን የምትወደው ባዶ የሚተዉትን ነው። የብዙዎቹን እጅ ጽሑፍ ለይታ ታውቃለች፤ ሁሉም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነው እንጂ አንዱን ሲጽፍ ለማየት ምን ያህል በወደደች። የመጣችውም በሕይወት ያለ ጸሐፊ ለማየት ነበር። እኔ አልገባኝም፤ እኛ ሰፈር ሰው ያን ያህል የሚጓዘው ወይ ለሥራ ወይ ለለቅሶ ነው።

ጸሐፊው መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ቤታቸው ዘጌ ጫካ ውስጥ፣ ከጀልባው መውረጃ ሽቅብ በእግር የሚያስኬድ ነበር። በረንዳቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ይጽፋሉ። ከጓሮው የሎሚና የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይመጣል፤ ከብራናው ደግሞ የፍየል። ግዌን አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ብቻ ታያለች። መሪጌታ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ለመዷት፣ ኋላማ ስንዘገይ ያቺ ዝምተኛዋ የት ቀረች ማለት ጀመሩ።

የሚገለብጡት ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱትን አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ ነው። አሮጌው ላይ በየጸሎቱ መጨረሻ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስም አለ፤ እግዚአብሔር አገልጋዩን እገሌን ይጠብቀው እያለ በግዕዝ ይለምናል። አዲሱ ሲጻፍ የድሮው ሰው ስም ይቀርና የአዲሱ ስም ይገባል። ጥቁሩ ጽሑፍ ይቀድማል፤ የቅዱሳን ስም፣ የባለቤቱም ስም ከነልመናው በኋላ በቀይ ቀለም ይሞላል። ይህን ለግዌን ስተረጉም ራሴ ግራ ገባኝ። የድሮውን ሰው ማን ሊጸልይለት ነው? መሪጌታን ብጠይቃቸው የሱ መጽሐፍ አለለት አሉኝ።

የቅዱሳኑ ስም ሁሉ ቀልቶ አለቀ፤ የባለቤቱ ቦታ ግን በየገጹ ባዶውን ቀረ። ግዌን ይህን ስታይ ፊቷ በራ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቂልኝ አለችኝ። መሪጌታ ብርዓቸውን አስቀመጡና እሱን ነገ የባለመጽሐፉ እናት መጥታ ትነግረናለች አሉ።

እናቱ ወይዘሮ ትርንጎ በጎንደር መንገድ፣ ሐሙሲት ላይ የመንገደኛ ሻይ ቤት ነበራቸው። በማግስቱ በአውቶቡስም በጀልባም ተሳፍረው መጡ፤ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ቆርሰው ለሁላችንም ሰጡን። መጽሐፉን ያስጻፉት ለአንድ ልጃቸው ነው። ልጁ ዘምቶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የሐሙሲት ልጆች ከፊሎቹ በእግር፣ ከፊሎቹ በጭነት መኪና ተመለሱ፤ የሌሎቹ መርዶ መጣ። የሳቸው ልጅ አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። እሳቸው ፊደል ስለማይለዩ ቄስ በየወሩ ቤታቸው እየመጡ መጽሐፉን ሊያነቡላቸው ነው።

«ትርንጎ» አሉ መሪጌታ፣ «የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል መሆኑን ነግረሽኛል። በሕይወት ላለ ሰው ‹ይጠብቀው› ብዬ እጽፋለሁ፤ ላረፈ ሰው ‹ነፍሱን ያሳርፍ› ብዬ እጽፋለሁ። የቱን ልጻፍልሽ?»

ወይዘሮ ትርንጎ ዳቦውን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።

«እኔ በምን አውቄ፣ መሪጌታ? ጎረቤቱም እኔን ይጠይቀኛል፣ ቀበሌውም እኔን ይጠይቀኛል። እንግዲህ እርስዎ የተማሩት ይንገሩኝ እንጂ።»

መሪጌታ ጭንቅ ያዛቸው። ያለውን ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ ያስፈራል፤ የሞተውን አለ ብሎ የነፍስ ጸሎቱን ማስቀረትም ያስፈራል። ክፍቱን እንዳይተዉት ደግሞ ጎዶሎ መጽሐፍ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ በሹክሹክታ ለግዌን ስነግራት ወይዘሮ ትርንጎ ወደኛ ዞሩ።

«እስኪ እሷን ጠይቂልኝ፣ ልጄ። መጽሐፍ ስትመረምር የኖረች ናት አሉ። በነሱ አገር እንዲህ የጨነቀ ጊዜ ምን ይጽፋሉ?»

ግዌን፣ ጥሩዎቹ ጸሐፊዎች የማያውቁትን ባዶ ይተዉታል፣ ከነሱ በኋላ የሚገለብጠውም ባዶውን እንዳለ ይገለብጠዋል አለች። ማጽናናቷ ይሁን ማርዳቷ አልገባኝም። እሷ የምታውቀው አይጥና ብል የበላውን ነው፤ እኚህ ሴት የሚጠይቁት ልጃቸውን ነው። ሌላ የተሻለ ነገር ልበል ብዬ አሰብሁ፤ የተሻለው ምን እንደሆነ ጠፋኝና እንዳለ ተረጎምሁት።

ወይዘሮ ትርንጎ ቦታው የት እንደሆነ አሳዪኝ አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ባዶው ላይ አሳረፍሁት። ገጹን ገልጬ ሁለተኛውን አሳየኋቸው፤ ቀጥሎ ያለውን ግን ራሳቸው አገኙት። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ማንበብ የሚችሉት እሱን ብቻ ነበር።

«አይጻፉበት» አሉ። «ቄሱ እዚህ ሲደርሱ ይቁሙልኝ። የዚያን ዕለት ልቤ ያለኝን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

መሪጌታ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጽፌ አላውቅም ብለው ለራሳቸው ተናገሩ፤ ቢሆንም የቀይ ቀለሙን ዕቃ ከደኑት። ወይዘሮ ትርንጎ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ቁልቁል ወረዱ።

ስንመለስ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳርቻ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦልን ሳለ፣ አንድ ልጅ በዚህ ወር ቢኖር፣ በሚመጣው ቢሞት፣ በሚቀጥለው ደግሞ ቢነሣ እንዴት ያለ ጸሎት ይሆናል ብዬ ግዌንን ጠየቅኋት። አላውቅም አለችኝ። ያን ያህል የተማረች ሴት አላውቅም ስትል ተናደድሁባት፤ ዓሣዬንም ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጎንደር በሄድሁ ቁጥር ሐሙሲት ላይ አልፋለሁ። አንዴ ከአውቶቡስ ወርጄ የወይዘሮ ትርንጎን ሻይ ቤት ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ልጁ ይመለስ አይመለስ ሳልሰማ አረጀሁ።

ትናንት ዓባይ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለቄሱ ስም ሰጠሁ፤ የአባቴን፣ የእናቴን፣ የወንድሜን። መጨረሻ ላይ ሳላስበው ኃይለ ገብርኤል አልሁ። ቄሱ ወጣት ናቸው፤ ይህስ በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያረፈ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ልቤ ያለኝን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ልቤ ግን ምንም አላለኝም። ወይዘሮ ትርንጎ ይህን ጥያቄ በየወሩ እንዴት ይመልሱት እንደነበር እንጃ።