ባሕር የማይባልበት ቤት

ያ ውሃ እያንጠባጠበ የሚያጉረመርም የክፍል አየር ማቀዝቀዣ፣ ሱዳኖቹ ሙከይፍ የሚሉት፣ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ዛሬም የያዝኩትን ትቼ አዳምጣለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሚስ ኤልሲ የሚባሉ አሮጊት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቤት ታጸዳ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ትምህርት ስለሌለ እኔም ከሰፈራችን ከኦምዱርማን በአውቶቡስ፣ በሐፍላ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ አብሬያት እሄድ ነበር። ሚስ ኤልሲ ሙከይፉን ሲከፍቱ፣ የእኛ አገር ባሕር እንዲህ ነው የሚጮኸው ይሉኝ ነበር፣ በዐረብኛ። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ አመንኳቸው።

ብርዱ ሲገባ፣ የካርቱም ብርድ ብርድ ከተባለ፣ የአገራቸውን ፎቶዎች ከግድግዳ እያወረዱ ያሳዩኝ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ያደጉባት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ቤቶቹ ነፋሱን ፈርተው ጎናቸውን ለባሕር ሰጥተው የተደረደሩ፣ ወደቧም በድንጋይ የታጠረች፣ የእኛን ግቢ የምታህል። በአያታቸው ዘመን ሴቶቹ፣ ባሎቻቸው እግራቸው ሳይረጥብ እንዲነሱ ብለው፣ አዝለው እስከ ጀልባው ያደርሷቸው ነበር፤ ዓሣው ሲመጣም ቢላው እንዳይቆርጣቸው ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሆድ ዕቃ ሲያወጡ ይውሉ ነበር። አሁን ጀልባዎቹ የሉም፣ ቤቶቹንም ሀብታም ገዝቷቸው ጎብኚው ግንቡ ላይ ተቀምጦ አይስክሬም ይልሳል አሉን። እናቴ የማዘሉን ነገር ስትሰማ «እኔስ አባትሽን ስንት ዓመት አዝያለሁ፣ ማን ፎቶ አነሳኝ?» ብላ ሚስ ኤልሲን በሳቅ ገደለቻቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ባሕር ላይ ሆነው አሳማን ወይም ቄስን በስም አይጠሩም ነበር፤ አንዱ አምልጦት ከጠራ ጀልባው እንዳይሰጥም ሁሉም ተሽቀዳድመው ብረት ይነኩ ነበር።

የአቧራው ማዕበል፣ ሃቡቡ፣ በጀመረ ሰሞን ወንድሜ ዳዊት ወደ ሊቢያ ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ደውሎ በዚህ ሳምንት ነው የምንሻገረው፣ ኢንሻላህ፣ አለና ስልኩ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ እቤታችን ባሕር የሚባል ቃል አይነሳም ነበር። ማንም ክልክል ነው አላለም፤ ሬዲዮው ስለ ጀልባ ማውራት ሲጀምር እናቴ ተነስታ ትዘጋው ነበር፣ አባቴም ጎረቤት ስለ ዳዊት ሲጠይቀው «ሥራ ላይ ነው» እያለ ያልፍ ነበር።

እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። ለሰፈሩ ልጆች የሚስ ኤልሲን መንደር ስተርክ፣ ከዚያ መንደር ወጥተው ከባሕር ሳይመለሱ የቀሩትን ሰዎች ሁሉ ከቆጠርኩ በኋላ ነው ደንግጬ አፌን የያዝኩት።

የዝናቡ ወቅት፣ ኸሪፉ፣ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ዳዊት ድምፁ ከጠፋ ሰባት ሳምንት ሞልቶት ነበር፣ እኔም ጀልባውን በአፌ እንዳሰጠምኩት አልተጠራጠርኩም። ስለዚህ በየቀኑ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ያጋለውን የግቢያችንን የብረት በር በመዳፌ ይዤ እስከ አሥር እቆጥር ነበር። እናቴ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ አየችና ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። እንዲህ ያለ አጉል እምነት ስለማትወድ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ በሩ ሄደች፣ እጇንም ብረቱ ላይ አሳረፈች።

«እስከ ስንት ነው?»

«እስከ አሥር።»

«በቃ፣ አንቺ ተዪው የኔ እናት። ከእንግዲህ እኔ እቆጥራለሁ።»

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ዳዊት ከጣሊያን ደወለ። እናቴ መጀመሪያ ያለችው «በላህ?» ነው፤ ከዚያ ስልኩን ለአባቴ አቀብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ዝምታውን ታቅፈን ወራት እንውል እናድር ነበር፤ ዛሬ ግን ዳዊት አንድ ቀን ከዘገየ መልእክት እናዘንብበታለን። ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ልጁ ጥርስ ያወራል። ስለ እነዚያ ወራት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ባለፈው ደፍሬ ጠየቅሁት። «እማ ተኝታለች እንዴ?» አለኝ። አልተኛችም፣ አጠገቤ ነበረች፤ ስልኩን ሰጠኋት።