አሥራ አራት ጊዜ የተደገመ ሰላምታ

ኔሊማ በኪታሌ ከተማ በምዜ ማኮካ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን መሥሪያ ቤት ስልክ ማንሳት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት የደዋዩን ሁሉ ጥያቄ በደብተር ስትጽፍ ኖራለች። ያዘዛት ሰው የለም። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ገበሬ «ማሽናችሁ እርጥብ በቆሎ ይሰብራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት መልሱን አላወቀችም፤ ጥያቄውን ጽፋ ወደ ብየዳው ክፍል ወረደች። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነባት። አሁን ደብተሮቹ ዘጠኝ ደርሰዋል። በያጆቹ ሁልጊዜ ይቀልዱባታል።

«ማማ ትሬቨር፣ ዘፍጥረትን ጨርሰሽ ዘፀአት ገባሽ እንዴ?»

«ዘኁልቁ ላይ ነኝ» ትላቸዋለች። «የእናንተ ስም ዘሌዋውያን ላይ አልፏል፤ ከርኩሳን እንስሳት ጋር።»

ትሬቨር የበኩር ልጇ ነው፤ በዚያ አገር ልጅ የወለደችን ሴት በገዛ ስሟ የሚጠራት የለም፤ አዛውንትም «ምዜ» ይባላል።

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ፣ በቆሎው ገና ሳይደርቅ፣ ሎይስ አንድ ወረቀት ይዛ ቢሮ ገባች። ሎይስ የምዜ ማኮካ ልጅና የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናት።

«ስልኩ ዝም ብሏል አይደል?»

«እንደ አምናው አይጮኽም።»

«ገበሬው ዛሬ ጎረቤቱን አይጠይቅም፣ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። ሲጠይቅ ደግሞ የሚመጣለት ንዲራንጉ ነው።»

ንዲራንጉ የናይሮቢ ነጋዴ ነው። ማሽን ከየቦታው እየገዛ በድረ ገጹ ይሸጣል። ወረቀቱ የእሱ ነበር፤ የዘንድሮውን የማሽን ምርት በሙሉ ሊወስድ ፈቅዷል። ሆኖም «ማኮካ፣ ኪታሌ» የምትለዋ የቆርቆሮ ሰሌዳ ከየማሽኑ ተነቅላ የእሱ ስም እንዲመታበት ይፈልጋል። ያቺን ሰሌዳ ምዜ ማኮካ ለሠላሳ አንድ ዓመት በገዛ እጃቸው፣ ፊደል በፊደል ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። ለልጃቸው እሺም እምቢም አላሏትም። ኔሊማን ያስፈራትም ዝምታቸው ነበር። ንዲራንጉ ሊያስፈርም የሚመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው።

«እስኪመጣ ድረስ የእኛን ድረ ገጽ ለእኔ ተይልኝ» አለች ኔሊማ።

«ለአንቺ? ማማ ትሬቨር፣ ያሠራነው ባለሙያ እኮ ዲግሪ ያለው ነው።»

«ዲግሪውን ይዞ ሄደ። የይለፍ ቃሉን ግን ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ለጥፎልን ነው የሄደው።»

ሎይስ ሳቀች። ሳቋን ኔሊማ እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

ድረ ገጹ የሚዘጋጅበት መድረክ ያን ያህል አላስቸገራትም። ጽሑፍ የሚገባበት ሳጥን አለው፤ ርእስ የሚገባበት መስመር አለው፤ ሰው በኢንተርኔት ሲፈልግ ከርእሱ ሥር የምትታየው አጭር መግለጫ የምትጻፍበት ሌላ መስመርም አለው። ይህቺኛዋን መስመር ከተሠራች ጀምሮ ማንም አልነካትም። ኔሊማ ከደብተሮቿ ብዙ ጊዜ የተደጋገሙትን ስድስት ጥያቄዎች መርጣ ስድስት ገጽ ጻፈች። ሦስት ሳምንት ጠበቀች። ምንም አልተለወጠም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ጽሑፏን ትታ ገጾቹን እንደ ገዢ ማየት ጀመረች። አሥራ አራቱን የማሽን ገጾች አንድ በአንድ ከፈተች። የሁሉም ርእስ «እንኳን ደህና መጡ» ነው። ሁሉም የሚጀምሩት በድርጅቱ ራእይ ነው፤ ተልእኮ ይከተላል፤ ከዚያ ስድስት እሴቶች፣ መሪ ቃልና የፖስታ ሳጥን ቁጥር። ማሽኑ ብቅ የሚለው አውራ ጣት የስልኩን ገጽ አራት ጊዜ ወደ ላይ ከገፋ በኋላ ነው። በኪታሌ ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም። ክሊኒኩ ራእይ አለው፤ የቀበሌው ሹም ቢሮ አለው፤ ከአውቶቡስ መቆሚያው ጎን ያለው ሥጋ ቤት ሳይቀር ተልእኮውን ከመንጠቆው በላይ ሰቅሏል። ሰው በስልኩ ሲጠይቅ መልስ ለሚያመጣው የፍለጋ ሞተር ግን አሥራ አራቱ ገጾች አንድ ገጽ አሥራ አራት ጊዜ የተደገመ ይመስሉታል፤ የትኛው ስለ ምን እንደሆነ መለየት አይችልም።

ከዚያ የራሷን ስድስት ገጾች ከፈተች። እነሱም በራእይ ይጀምራሉ። ሳታስበው እጇ ቀድቶ ለጥፎታል።

ወደ ወርክሾፑ ወረደች። ምዜ ማኮካ መዶሻቸውን ይዘው ሰሌዳ ላይ አጎንብሰዋል።

«ምዜ፣ ራእዩን ከገጾቹ ላይ ላነሳው ነው።»

መዶሻው ቆመ። ያንን ጽሑፍ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ሦስት ቅዳሜ ተቀምጠው ነው ያረቀቁት፤ ቢሮ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል።

«እንግዳ ሳይሳለሙት ዋጋ ይነገረዋል? የማን ቤት ነው እንዲህ የሚደረገው?»

«በር ላይ እንሳለመዋለን። ግን ምዜ፣ በር ላይ ሰላም ብለውት፣ ወንበር ሲስብ ሰላም ብለውት፣ ከሻዩ ጋር የቀረበለትን ማንዳዚ ሊያነሳ ሲል እንደገና ሰላም ቢሉትስ?»

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አሉ ሽማግሌው ሳይወዱ።

«እንግዳውማ ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ንዲራንጉ ዘንድ ሄዷል። ለራእዩ የራሱን ገጽ እሠራለታለሁ። ብቻውን፤ በሙሉ ክብር።»

«በመስታወት?»

«በፎቶ፤ ከነመስታወቱ።»

ምዜ ማኮካ መዶሻቸውን አነሱ። «መሪ ቃሉን እንዳትረሺው።»

በዚያ ሳምንት ሃያውም ገጾች የየራሳቸውን ርእስ አገኙ። ርእሶቹ የገበሬዎቹ ጥያቄዎች ነበሩ፣ በደብተሩ እንደተጻፉት። መልሱ ከርእሱ ሥር ወዲያው ይመጣል፤ አንዱ መልስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይመራል። እያንዳንዱ እስኪከፈት ሻይ የሚፈላባቸውን ትልልቅ ፎቶዎች አሳነሰች፤ ከየፎቶው ጋር የሚታየው ምን እንደሆነ ጻፈች። የፖስታ ሳጥኑን ቁጥር ታች አውርዳ «ከእህል ማከማቻው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር» ብላ አድራሻውን አስገባች። በፖስታ ሳጥን ቁጥር ማንም ሰው ማሽን ሊገዛ መጥቶ አያውቅም።

ከአሥር ቀን በኋላ ምዜ ማኮካ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ቢሮ ገቡ።

«በፍለጋው አንደኛ ነን!»

ኔሊማ አየችው። «ምዜ፣ የእርስዎ ስልክ ይወድዎታል። በቀን አሥር ጊዜ ገጻችንን ሲከፍቱ ያያልና የሚወዱትን ያስቀድምልዎታል። የማያውቀን ሰው ስልክ ነው የሚመሰክረው።»

ሽማግሌው ቅር ተሰኝተው ወጡ። እሷ ግን አልተጨነቀችም፤ ለደዋዩ ሁሉ «ከየት ሰማችሁን?» ማለት ጀምራ ነበርና ገጹን አንብቦ ለደወለው በደብተሩ ጠርዝ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ምልክቶቹ በየቀኑ እየጨመሩ ነበር።

ንዲራንጉ በቀጠሮው መጣ። የተወለወለ ጫማ፣ የተዘጋጀ ወረቀት፣ በከረጢት ውስጥ የራሱን ስም የያዙ አዳዲስ ሰሌዳዎች። ከምዜ ማኮካ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ቀረበለት። ሎይስ እስክሪብቶ አወጣች።

«ሚስተር ንዲራንጉ» አለች ኔሊማ ከጠረጴዛዋ፣ «ስልክዎ እኛን አያውቀንም አይደል?»

«በምን ያውቃችኋል?» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ደንበኞችዎ የሚጠይቁዎትን ይጻፉበት። የፈለጉትን።»

ጨዋታ መስሎት ጻፈ፤ «እርጥብ በቆሎ የማይሰብር መፈልፈያ»። ከሁሉም በላይ የመጣው «በቆሎዬ ገና እርጥብ ነው፤ ማሽኑ ፍሬውን ይሰብረዋል?» የሚል ርእስ ነበር፤ ከሥሩ ማኮካ፣ ኪታሌ። እንደገና ጻፈ፤ አሁን «የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን» ብቻ። የእሱ ገጽ ሁለተኛ ወጣ፣ የእነሱ ሰባተኛ።

«ይኸው!» አለ።

«እሱን የሚጽፈው ዋጋ እየዞረ የሚያይ ሰው ነው» አለች ኔሊማ። «ያኛውን የሚጽፈው በቆሎው ግቢው ውስጥ ተከምሮበታል።»

ምዜ ማኮካ ወደ ደብተሩ ዘወር አሉ። «በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ደወለ?»

«አርባ አንድ። ሃያ ስድስቱ አንብበው ነው የደወሉት። አሥራ ሁለቱ መጥተው ማሽኑን አይተዋል።»

ሎይስ እስክሪብቶውን ቀስ ብላ መሳቢያ ውስጥ መለሰችው።

«ማሽን ከፈለግህ እንሸጥልሃለን፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ሰሌዳችን ግን ከማሽኑ ጋር ነው የሚሄደው።»

ንዲራንጉ ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ አሰበ። «ስድስት ስጡኝ» አለ። «ከነሰሌዳው።» ከዚያ ወደ ኔሊማ ዞሮ፣ «እቺን ሴትዮስ አትሸጧትም?» አለ።

«ደብተሮቼ መኪናዎ ውስጥ አይገቡም» አለችው።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ምዜ ማኮካ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማማ ትሬቨር፣ የራእዩን ገጽስ ስንት ሰው አየው?»

ኔሊማ ቁጥሩን ተመለከተች። «ዘጠኝ፣ ምዜ።»

«ዘጠኝ!» አሉ፤ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ መዶሻቸው ወረዱ።

ከዘጠኙ ሰባቱ ከእሳቸው ስልክ የተከፈቱ ነበሩ። ኔሊማ ይህን አልነገረቻቸውም። ስልኩ ጮኸ፤ ደብተሩን ገልጣ አነሳችው።