በየምሽቱ አንድ መስመር

ልጅ ሳለሁ ማንበብ አልችልም ነበር። ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ማለቴ ነው። ነገሌ ውስጥ እንደኔ ያለ ምላሳም ልጅ ስላልነበረ ማንም አልጠረጠረኝም። ያኔ አንድ ዴስክ ላይ አምስት ሆነን ነበር የምንቀመጠው፣ መጽሐፉም ለአምስታችን አንድ ነው፤ የሚያድረው እኔ ዘንድ ነበር። መምህርታችን አንድ መስመር ያነባሉ፣ እኛ ተቀብለን እንጮኻለን፣ እኔ ከሁሉም በላይ እጮኻለሁ። አንዴ የሰማሁት ነገር ከጆሮዬ ስለማይወጣ ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን መጽሐፉ ላይ ተክዬ በቃሌ እወርደዋለሁ። «ጎበዝ!» ይሉኛል። ጎበዝ ስባል ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ምን ይደረግ!

አባቴ ወታደር ነበር፤ ከካምፕ የሚመጣው ሲፈቀድለት ነው። እናቴ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የከሰዓቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ክፍሎቹን ጠርጋ እስክትጨርስ፣ እኔ በሩ ላይ ከዘበኛው ከኦቦ ጋልገሎ ዘንድ እጠብቃታለሁ። ኦቦ ጋልገሎ ቀጭን፣ ረጅም የቦረና ሽማግሌ ነበሩ፤ ከብቶቻቸውን ድርቅ ሲጨርስባቸው ነው ከተማ የገቡት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የግራር ፍልጥ ያነዳሉ፣ ፍሙ ላይ የግመል ወተት ሻይ ይጥዳሉ፣ ፋኖሱን ያበራሉ፣ ከዚያ ተረት ይጀምራሉ። ግማሹ በአማርኛ ነው፣ ግማሹ በኦሮምኛ፤ ጅቡ ግን ሁልጊዜ የሚቆጣው በኦሮምኛ ነበር። ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ እንኳ ንቅንቅ አልልም። እንደዚያ የጣመኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን መምህርታችን ዱብ ዕዳ አወረዱብን። ዓመቱ ሲያልቅ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ፣ እያንዳንዳችንን በየተራ፣ አይተነው የማናውቀውን ገጽ ያስነብበናል፤ ማንበብ ያልቻለ ክፍሉን ይደግማል። ክው አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ከደገምኩ ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ልቀመጥ ነው! ከዚያ ሞት ይሻለኛል አልኩ።

በዚያው ምሽት ኦቦ ጋልገሎ «የኔ ለዛሬ በቃ። ያ በእጅሽ የያዝሽው መጽሐፍም ተረት አለው ይባላል፣ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ታዲያ ምን ቸገረኝ! ክፍል ውስጥ ገና ያልደረስንበትን ገጽ ገለጥኩ። የኤሊ ሥዕል አለበት። ዝናብ ፍለጋ ስለሄደች ኤሊ ከልቤ እየፈጠርኩ አነበነብኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ በኦሮምኛቸው «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ አዎ አዎ፣ እያሉ ሰሙኝ።

በማግስቱ ያንኑ ገጽ ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩ። መሐል ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ትናንት ኤሊዋ ሣር በልታ ነው መንገድ የጀመረችው። ዛሬ ደግሞ ጦሟን ነው የሄደችው። የቱን ልመን?»

«ያው… ረስቼው ነው ኦቦ።»

«አንቺስ ትረሻለሽ። ወረቀት ይረሳል እንዴ?»

ጉድ ፈላ! ለካስ የሰው ነገር እንጂ የራሴን ውሸት በቃሌ መያዝ አልችልበትም። እሳቸው ደግሞ ወጣትነታቸውን መልእክት ሲያደርሱ ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ በቦረና ዘንድ መልእክተኛ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የሚያደርሰው። የሰሙት ነገር እንደሰሙት ይቀመጣል። አለቀስኩ። ማንበብ እንደማልችል፣ ክፍል ልደግም መሆኔን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጡኛል ስል ሳቃቸው መጣ።

«እኔም አልችልም፤ ሁለት ሆንን» አሉ።

ከዚያ ሕግ አወጡ። በየምሽቱ አንድ መስመር ብቻ። ፊደሉን በጣቴ እየነካሁ አነባለሁ፣ እሳቸው በቃላቸው ይይዙታል፣ በማግስቱ ያንኑ መስመር እደግማለሁ፤ ከያዙት ጋር ካልገጠመ ሻይ የለም። ፊደሎቹን ለየብቻ አውቃቸው ነበር፣ አያይዤ ቃል ማድረጉ ነበር ያቃተኝ። ስሳሳት «እንዲህ የሚባል ነገር ሰው አይናገርም፣ እንደገና እዪው» ይሉኛል። እኔ ላቤ ጠብ እስኪል እታገላለሁ፣ እሳቸው ከፋኖሱ ወዲያ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን ስናዘግም፣ እውነተኛዋ ኤሊ ለካ ዝናብ ፍለጋ አልሄደችም፤ ከጎረቤቷ ከጥንቸል ጋር ተጣልታ ቤት እየለወጠች ኖሯል! ያን ምሽት ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰውዬ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ስለ አንዲት ከቀፎዋ ስለጠፋች ንብ ነበር። ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። እንደ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ አልልም፣ አንዱን ቃል ሦስቴ እሞክረዋለሁ። ከኋላ ልጆች ተንሾካሾኩ፣ ሳቁም። ሰውዬው ሰዓቱን አየና «ይበቃል፣ ተቀመጪ» ብሎ እስክሪብቶውን አነሣ። ግማሹን እንኳ አላደረስኩም ነበር። አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ ከመስኮቱ ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ፣ ምነው ያቋርጧታል? ንቧ ቤቷ ሳትገባ?»

ኦቦ ጋልገሎ በሩን ትተው መስኮቱ ስር ቆመው ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «እሺ በቃ፣ ጨርሺላቸው» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሰውዬውን ረሳሁት፣ የሚስቁትንም ረሳኋቸው፤ ለሳቸው ብቻ፣ ቃል በቃል፣ ንቧን ቀፎዋ ድረስ አደረስኳት። «ኤዬ!» አሉ። «አልፈሻል» አለ ሰውዬው። ውጭ እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች እልልታውን አቀለጠችው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ እኔም እዚያው ነገሌ አስተምራለሁ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ዝቅ ማለቱ ይነሣል፤ የመጽሐፍ እጥረት ይነሣል፣ የክፍሉ መጨናነቅ ይነሣል፣ ሁሉም ልክ ነው። ከስብሰባው በኋላ ግን አንዳንድ እናት ቀስ ብላ ትጠጋኝና «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ልጄን በምን ላግዘው?» ትለኛለች። «ማታ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንብብልኝ በይው፤ በማግስቱ ያንኑ ድገምልኝ በይው» እላታለሁ። የምሸነግላት ይመስላታል። አንባቢ ያደረገኝ ግን ከፊደል አንዲቷን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው።