የኤድና ፒክልስ ሩብ ፓውንድ ሻይ

እንግሊዝ አገር ሃሊፋክስ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ እንደ ኤድና ፒክልስ ግራም የሚባል ነገር የሚያንገሸግሸው ሰው አልነበረም። ሻይ አሻጊዎች ሩብ ፓውንዱን ትተው በ125 ግራም ማሸግ የጀመሩ ሰሞን፣ ባለሱቁ ሃትሊ ያቀረበላትን እሽግ በጥፍሯ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ የፈረንሳዮች ልክ ነው! እናቴ ሩብ ፓውንድ ስትገዛ ኖራ ነው የሞተችው፤ እኔም እንደዚያው።»

«ሚስስ ፒክልስ፣ ሩብ ፓውንድ እኮ 113 ግራም ነው። ይሄኛው ይበልጣል፤ ዋጋው ደግሞ ያው ነው።»

«ሲያታልሉ እንዲህ እያባበሉ ነው! ቁጥርህን ለራስህ ያዘው፤ ሩቤን ስጠኝ!»

ሃትሊ የአባቱን የነሐስ ሚዛን አወጣ፣ እሽጉን ቀደደ፣ ትርፉን በማንኪያ እየጨለፈ የራሱ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረና ልኩን ጠቅልሎ ሰጣት። ሙሉውን ከፍላ፣ ጦር ሜዳ ድል እንዳደረገ ጄኔራል አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። እኛም ተሰልፈን እናያለን፤ ማን ደፍሮ ይንገራት? አንዴ የሞከረውን ፖስተኛ ግራሙን ባመጣው በአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ «የብራስልስ ተላላኪ» ብላ ስም አውጥታለት እስከ ጡረታው ተጠራበት። ሃትሊ ግን በነዚያ ዓመታት ለራሱ የሻይ እሽግ ከፍቶ አያውቅም።

የቀብሯ ዕለት ቆርቆሮውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጣና ለለቀስተኛው ሁሉ አፈላ። ሁለት ሁለት ስኒ ጠጣን።

«እንደ እሷ ያለ ለጋስ ሴት አላጋጠመኝም» አለ ሃትሊ፣ ሦስተኛውን እየቀዳልን።