ኢተያ ገበያ ላይ የተበተኑት ካርዶች

ይህ የሆነው በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀን «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ለመተርጎም የፈራሁትን ፍርሃት ግን አልረሳሁም። ለልጆቼ ደጋግሜ አውርቻቸዋለሁ። እነሱ ግን «እማዬ፣ ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ኮምፒዩተር ነበር እንዴ?» እያሉ ከዋናው ጨዋታ ያስወጡኛል።

አልነበረም። ኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ ነበር። እኛ ጋ የነበረው ካርድ መብሻው ብቻ ነው።

እኔ የበቆጂ ገበሬ ልጅ ነኝ። አሰላ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ አቶ ታደሰ የሚባሉ ውጭ አገር ተምረው የመጡ የጎንደር ሰው ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙና ቀጠሩኝ። የድርጅቱን ሥራ ለሰው ማስረዳት አሳራቸውን ያሳያቸው ነበር። «ጥናት እናጠናለን፣ መረጃ እናቀናብራለን» ሲሉ የአሰላ ሰው በትህትና አዳምጦ «ታዲያ ምንድን ነው የምትሸጡት?» ይላቸዋል። የተከራየነው ቤት ከወፍጮ ቤት ጎን ስለነበር በራችን ላይ እህል አሸክመው የሚሰለፉም አይጠፉም። ወፍጮው ሲነሳ የእኛ መብራት ይደክማል። ዱቄቱ ማሽኔ ላይ ያርፋል፤ እኔ በሻሼ ጫፍ እጠርጋለሁ።

የእኔ ሥራ ካርድ መብሳት ነበር። ገበሬው ቤት እየሄዱ የሚጠይቁ ሠራተኞች ነበሩን፤ ስንት በሬ አለህ፣ የምታርሰው መሬት የራስህ ነው ወይስ የሰው፣ ስንዴ ትዘራለህ ወይስ ገብስ እያሉ ይጽፋሉ። እኔ የጻፉትን እያየሁ ቁልፎቹን ስመታ ማሽኑ ወፍራም ካርድ ላይ ቀዳዳ ያወጣል። አንዱ ካርድ የአንድ ቤተሰብ ነው። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ የሒሳብ መኪና ቀዳዳዎቹን እያነበበ ይደምራል። ስም የለበትም፤ ቁጥርና ቀዳዳ ብቻ።

የመጀመሪያ ትልቅ ሥራችን ነበር፤ ያዘዘን መሥሪያ ቤት የገበሬውን ኑሮ ማወቅ ፈልጎ ነው። የሒሳብ መኪናው ግን የእኛ አይደለም። ባለቤቶቹ እነሱ በማይሠሩበት አንድ እሑድ ሊያውሱን ተስማሙ። ያችን እሑድ ካሳለፍን ሌላ ተራ እስኪገኝ የውላችን ጊዜ ያልፋል፤ ካርዱ ቢጠፋ እንደገና ልብሳ ቢባልም ወራት ይፈጃል። ያኔ ድርጅቱ መዘጋቱ ነው። እኔም በቆጂ ተመልሼ አጎቴ ሱቅ ጨርቅ ስለካ ልኖር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በላንድሮቨራችን ከአሰላ ተነሳን። አቶ ታደሰ ከፊት ተቀምጠዋል፤ መኪናውን በቀለ የሚባለው ሹፌራችን ይነዳል። እኔም ካርዱ ቢዘበራረቅ የሚገባት እሷ ናት ተብዬ አብሬ ሄጃለሁ። ውስጡ ስለሞላ አንዱ ካርቶን ጣራው ላይ ታስሯል።

ኢተያ ስንደርስ የገበያው ቀን ነው፤ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። በቀለ ጭነት ያጋደለባትን አንዲት አህያ ሊያድን ሲጠመዝዝ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባና መኪናው ተንገጫገጨ። ገመዱ ተበጠሰ። ካርቶኑ ወርዶ ፈነዳ።

ነፋሱ ደግሞ የኢተያ ነፋስ ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ካርዶቹ ተነስተው ገበያው ላይ ወረዱበት። እህሉ ላይ፣ ጨው ላይ፣ ከአህያ እግር ሥር፣ ሰው ራስ ላይ ሳይቀር። እኔ እያለቀስኩ ሮጥኩ።

ገበያተኛው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ እየሳቀ ይለቅም ጀመር። ካርዱን ወደ ፀሐይ ይዞ በቀዳዳው የሚያይ አለ። ጥቂቶቹ አምጥተው ሰጡን። እንዲህ ቢቀጥል ሁሉም ይሰበሰብ ነበር።

ከለቃሚዎቹ መካከል ጀማል የሚባል ረጅም ወጣት፣ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አቶ ታደሰ ደስ አላቸው። ሰው የሥራቸውን ነገር ሲጠይቃቸው ሁልጊዜ ደስ ይላቸዋል። ይህ የእናንተው ነው፤ መሬታችሁም ከብታችሁም እዚህ ላይ ተመዝግቧል አሉ፤ በኦሮምኛ ንገሪያቸው አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተረጎምኩት።

ይለቅም የነበረው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

ያን ዓመት ኢተያ ሜዳ ላይ ትራክተር የገባበት ዓመት ነበር። ባለመሬቶቹ በእኩል ያሳርሱ የነበረውን ለራሳቸው ማረስ ጀምረው ጭሰኛውን ተነስ ይሉት ነበር። በየመንደሩ ከትራክተሩ በፊት የሚመጣው ደግሞ ወረቀት ይዞ የሚቆጥር ሰው ነው። አቶ ታደሰ ይህን ያውቁ ነበር፤ ካርዱን የያዘው ሰው እንዴት እንደሚያየው ግን አላሰቡትም። እኔም አላሰብኩትም።

ሰዎቹ የለቀሙትን በጋቢያቸው ሥር ከተቱ። ጀማል በእጁ የያዛቸውን ከፍ አድርጎ «እንግዲያው ነፋሱ ይውሰደው» አለና ለቀቃቸው። በቀለ ደሙ ፈላ። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ ሲበላው ማየት አልቻለም መሰለኝ፣ ዘሎ ጀማልን በሸሚዙ አነቀው። ወዲያው ከየአቅጣጫው ዱላ ተነሳ።

አቶ ታደሰ መካከል ገብተው ሊገላግሉ ሲሞክሩ ተገፍተው ወደቁ። ሰው ሊሞት ነው ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ ሴቶቹ መጡ። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አላት። ሲንቄ የያዙ ሴቶች በጠበኞች መካከል ከቆሙ ወንድ ያንን አልፎ አይማታም፤ የተነሳው ዱላ ይወርዳል። ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ሴቶች የሚሸጡትን ቅቤ ትተው መጥተው በትራቸውን እንደያዙ በመካከላችን ቆሙ። ዱላው ሁሉ ወረደ። በቀለ የናዝሬት ልጅ ስለሆነ ነገሩን ያውቀዋል፤ እጁን ከጀማል ሸሚዝ ላይ አነሳ።

ከሴቶቹ ታላቋ አዴ ሩቂያ ይባላሉ፤ አዴ እንደ ወይዘሮ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ መሬት የወደቀ አንድ ካርድ አንስተው አሳዩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ከመሬታችን ያስነሳናል?»

ወደ አቶ ታደሰ ዞርኩ። ልብሳቸውን እያራገፉ ስለ ልማት፣ ስለ ምርጥ ዘር ማስረዳት ጀመሩ። ከዚያ የሴትየዋን ፊት አዩና መሃል ላይ አቆሙ።

«አላውቅም በያቸው» አሉኝ። «እኛ እንቆጥራለን እንጂ የምንወስነው እኛ አይደለንም።»

ይህን ከተረጎምኩ ካርዱ ቀረ፤ ካርዱ ከቀረ ድርጅቱም እኔም አለቀልን። አይዞዎት፣ አያስነሳዎትም ብል ማን ያውቅብኛል? ገበያው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ እንደማይጠፋ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የያዘኝ የሴትየዋ ዓይን ነው፤ እናቴን የመሰለች ሴት «ልጄ» ብላኝ እንዴት ልዋሽ? እንዳለ ተረጎምኩት።

አዴ ሩቂያ ካርዱን ገለበጡት።

«የእኔ የትኛው ነው?»

ስም እንደሌለው፣ አዲስ አበባ ያለ የሒሳብ መኪና ቀዳዳውን እያነበበ እንደሚደምር ነገርኳቸው።

«ታዲያ መኪናው እኔን በምን ያውቀኛል?»

እርስዎን አያውቅዎትም፤ የሚያውቀው ስንት እንደሆናችሁ ነው አልኳቸው።

ይህችን ሲሰሙ ወደ ሴቶቹ ዞረው አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለጀማልና ለወንዶቹ ተናገሩ። «እንግዲያው ብዙ መሆናችንን ይወቅ። ስጧቸው።» ለአቶ ታደሰ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪልኝ አሉኝ። መኪናው የነገራችሁን እዚሁ ገበያ ላይ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ። አቶ ታደሰ ሲንቄው ፊት ቆመው ቃል ገቡ።

ካርዱ መምጣት ጀመረ። ከየጋቢው ሥር፣ ከየቅርጫቱ፣ ከየእህል ክምሩ። ቅቤ የነካው ነበር፣ የተረገጠ ነበር። በቀለ የጀማልን ትከሻ ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጀማልም መኪናውን ከቦዩ ሲያወጡ ገፋ። ጥቂት ካርዶች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እሑድ ግን ከሒሳብ መኪናው ፊት ደረስን።

ሥራው ሲያልቅ ያሠራን መሥሪያ ቤት ውጤቱን ተቀብሎ ለማንም እንዳይገለጥ አዘዘ። የአቶ ታደሰ ጓደኞች ትእዛዙን ማክበር አለብን አሉ። ሁለተኛ ሥራ ሊሰጡን ነው፤ አንተ ቃል የገባኸው ደግሞ ለማያነቡ ሰዎች ነው፣ ማን ይጠይቅሃል ብለው ተከራከሯቸው። አቶ ታደሰ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኔን ሳልከፍት መጥተው «ከዲጃ፣ ተነሺ፤ ኢተያ እንሄዳለን» አሉኝ።

ገበያው ዳር የእህል ጆንያ ላይ አቆሙኝና እሳቸው እያነበቡ እኔ ተረጎምኩ። ከአራሹ የሚበዛው መሬቱ የሰው እንደሆነ፣ ትራክተር በገባበት ሁሉ ቤተሰብ እየሳሳ እንደሄደ፣ የተነሱት ሌላ መሬት እንዳላገኙ ተናገርን። አዴ ሩቂያ ከፊት ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። እኔ ምርቃት ጠብቄ ነበር።

«ይህንንማ እኛ እናውቀዋለን» አሉ። «እናንተ ማወቃችሁን ነበር የማናውቀው።»

ይህን ብለው ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ።

ወሬው ወዲያው አሠሪዎቻችን ጆሮ ገባ። ሁለተኛው ሥራ ቀረ፤ ጓደኞቻቸውም ተለዩ። አቶ ታደሰ ማሽኑንና እኔን ይዘው አዲስ አበባ ገቡና ከአንዲት ጠባብ ክፍል እንደገና ጀመሩ። ድርጅቱ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቷል። የጠየቅነውን ሰው ውጤቱን ሳናሰማ ጥናት አንዘጋም የሚል ደንብ ነበረን። ሌሎች ይስቁብን ነበር፤ ሥራ ያመለጠንም በዚሁ ነው።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ላይ አንድ ረጅም ሰው በስሜ ጠራኝ። ጀማል ነው። ስለ አዴ ሩቂያ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ትራክተሩ የመሬት ዐዋጁን አልጠበቀም፤ አስነስቷቸው ወደ ባሌ ተሻግረዋል። ታዲያ ምን ጠቀምናችሁ አልኩት፤ ለራሴ የተናገርኩት ነበር።

እሱ ግን መለሰልኝ። ተነሱ የተባሉት ስንዴው ገና በእሸትነቱ ሳለ ነው። አዴ ሩቂያ ሴቶቹን ሰብስበው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ወረዳው ገዢ ደጅ ሄዱ። እኛ ገበያ ላይ ያነበብነውን አንድም ሳይቀር በቃላቸው ተናገሩ። የተነሳው ሁሉ ባዶ እጁን እንደቀረ የእናንተው ሰዎች ቆጥረው ደርሰውበታል፣ እያወቃችሁ ነው የምታስነሱን አሏቸው። ገዢው ማን ነገራችሁ ብለው ቢቆጡም መካድ አልቻሉም። የዘሩትን አጭደው፣ ወቅተው፣ እህላቸውን ጭነው እንዲነሱ ፈቀዱላቸው።

አንድ መኸር ነው ያተረፍንላቸው። ያን ሁሉ ሥራ ለአንድ መኸር የሚል ይኖራል፤ አቶ ታደሰም ስነግራቸው መጀመሪያ እንደዚያ ብለው አዝነው ነበር። እኔም ሳስበው አሁን ድረስ ያሳዝነኛል። ነገር ግን የገበሬ ልጅ ነኝ። ልጆች ይዞ፣ እሸቱን ማሳ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፈው አውቃለሁ። እንኳን ተመልሰን ሄድን እላለሁ።